አሮጊቷ ናት የገደለቻት?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ፣ ጥያቄዬ ሊያስቅህ ይችላል። ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ታላቅ ወንድሜ ካራቴ ነው ብሎኝ በ50 ሳንቲም ሰፈራችን ያለ ቪዲዮ ቤት ይዞኝ ገባ። ካሴቱ ተሳስቶ ይሁን ሌላ ጠፍቶ እንጃ፣ ጥቁርና ነጭ የድሮ ፊልም ተከፈተ። ብር የሰረቀች ቆንጆ ሴት በዝናብ ስትነዳ ቆይታ ሆቴል ታርፋለች፣ ከዛ ሻወር እየወሰደች ከመጋረጃው ጀርባ አሮጊት የምትመስል ጥላ ቢላ ይዛ... እዛ ላይ ጮኬ ወጣሁ፣ መጨረሻውን አላየሁም። ቀዩ ደም ከውሃው ጋር ሲሄድ ግን እስካሁን ይታየኛል። እኛ ቤት ሻወር የሚባል ነገር የለም፣ በሳፋ ነው የምንታጠበው፣ የግቢው ሽንት ቤት በር ግን ጆንያ ነበር፣ እሱን ንፋስ ሲያወዛውዘው ነፍሴ ትወጣለች። ክረምቱን ሙሉ እናቴ ኩራዝ ይዛ ውጪ ቆማ «አልጨረስሽም?» ስትል ከረመች። አሁን የ9 ዓመት ልጅ አለኝ። ፊልሙ ማን ይባላል? ደሙስ የእውነት ነው? አሮጊቷ ናት የገደለቻት? ለልጄስ ላሳየው?
አንባቢያችሁ ከኮተቤ

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ልበልሽና፣ አልሳቅኩም (እሺ ጆንያው ላይ ትንሽ ስቄያለሁ)። ፊልሙ «ሳይኮ» ነው፣ አልፍሬድ ሂችኮክ በፈረንጆቹ 1960 ያወጣው፣ ሟቿን ሆና የተጫወተችው ደግሞ ጃኔት ሊ ናት።

ግን ቀዩን ደም ከየት አመጣሽው? ጥቁርና ነጭ ነው ያልሽው ራስሽ ነሽ እኮ! ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፣ ቀለም በሌለው ፊልም ላይ ጥሩ ሆኖ የሚታየው እሱ ስለሆነ። ቢላው ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚሰማሽ ድምፅ ደግሞ ሜሎን ሲወጋ ነው፣ አዎ ፍሬው። ግድያው 45 ሰከንድ ቢሆን ነው፣ እሱን ለመቅረፅ ግን 7 ቀን ፈጀ፣ ካሜራው 70 ጊዜ ያህል ቦታ እየቀየረ፣ ከዛ ቢላ፣ አፍ፣ እግር፣ መጋረጃ እየተቆራረጠ ሲቀጣጠል ዓይንሽ የሚይዘው ያጣል፣ ቢላው ገላዋ ውስጥ ሲገባ አየሁ የሚል ሁሉ አብዛኛውን የሞላው ከራሱ ነው፣ አንቺማ ቀለም ሁሉ ቀብተሽለታል። ሙዚቃውም አለ፣ ሂችኮክ እዚህ ጋ ሙዚቃ እንዳይገባ ብሎ ነበር፣ የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ በርናርድ ኸርማን ግን ዝም ብሎ በክር መሣሪያ ብቻ ያንን ጩኸት ሠራለት፣ ሲሰማው ሐሳቡን ቀየረ። የማሲንቆ ጅማት በቢላ ሲፋቅ አስቢው።

ሌላው ያስደነገጠሽ ነገር ደግሞ ያኔ አልገባሽ ይሆናል። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው አንድ ሕግ ያውቃል፣ «አክተር አይሞትም»። እዚህ ግን አክተሯ ፊልሙ ሳይጋመስ ሞተች! የአሜሪካ ተመልካችም ያኔ እንዳንቺው ነው የደነገጠው። ጃኔት ሊ ራሷ ፊልሙን ካየች በኋላ ሻወር ትታ ገንዳ ውስጥ ነበር የምትታጠበው፣ ስለዚህ በጆንያው አትፈሪ። ሂችኮክ የሚያወራት ቀልድም አለች፣ አንድ አባት ልጄ ፊልምህን አይታ ሻወር እምቢ አለችኝ ምን ላድርጋት ብሎ ቢጽፍለት ላውንደሪ ስጣት አለው አሉ።

ለ9 ዓመት ልጅ? በጭራሽ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በ1984 ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ እንዳይገባ የሚል ደረጃ ሰጥተውታል፣ እኔ ደግሞ ከወላጅም ጋር ቢሆን ይቆይ እላለሁ፣ ኩራዝ ይዘሽ የምትቆሚው አንቺ ነሻ።

ገዳዩን በተመለከተ፣ ሂችኮክ መጨረሻውን ለማንም አትንገሩ ብሎ ተመልካቹን ለምኗል፣ እኔም አልናገርም። አሮጊቷ ናት ላልሽውም አዎም አይደለምም አላልኩም። ካራቴ ነው ብሎ የወሰደሽን ወንድምሽን ጥሪውና አብራችሁ ጨርሱት፣ የዛሬውን ቡና እሱ ይክፈል።