ሒሳቡን ልተወው ወይ?

ጥያቄሽ አጭር ነው። አፕላይድ ማቲማቲክስ ሦስተኛ ዓመት ነሽ፤ ዳይናሚካል ሲስተምስ የሚባለውን፣ ነገሮች በጊዜ ሂደት እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚያጠናውን ኮርስ ወደሽዋል። ቤተሰብ ግን «ከማስተማር ሌላ ምን እንጀራ አለው? ሶፍትዌር ብትማሪ ይሻላል» እያለ አስጨንቆሻል።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ኮድ አንድም ቃል የለም። ይህ ዘርፍ እኮ ያደገው ኮምፒውተር አጠገብ ነው!

ኤድዋርድ ሎሬንዝ ሒሳብ ተምሮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ አየር ትንበያ የገባ ሰው ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኮምፒውተር የሚሠራ አንድ የአየር ጠባይ ስሌት ከመሐል ሊያስቀጥል ፈለገ። ማሽኑ ውስጥ የነበረው ቁጥር 0.506127 ነው፤ ወረቀቱ ላይ የታተመው ግን 0.506። እሱኑ አስገብቶ ቡና ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ ውጤቱ ከቀድሞው ጋር አይተዋወቅም። መጀመሪያ የጠረጠረው የማሽኑን ብልሽት ነበር። ነገሩን ግን አልተወውም፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ትንሽ የመነሻ ልዩነት እንዴት ትልቅ እንደሚሆን ያሳየበት ታዋቂ ጥናት የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። መጨረሻው ላይ ስሌቶቹን የሠራችውን ኤለን ፌተርን ያመሰግናል። ዛሬ ቢሆን ስሟ ከላይ ከእሱ ስም ጎን ይጻፍ ነበር ባይ ነኝ።

አንቺም ዛሬ ማታ ሞክሪው፤ የስልክሽ ካልኩሌተር ይበቃል። 0.3ን ከ1 ቀንሺ፣ ውጤቱን በ0.3 አባዢ፣ ከዚያ በ4። የመጣውን ቁጥር በ0.3 ቦታ እያስገባሽ ድገሚ። ቀጥሎ ከ0.3001 ጀምሪ። 3ኛው ዙር ላይ ሁለቱም 0.994 ናቸው። 12ኛው ላይ አንዱ 0.55፣ ሌላው 0.15 ሆኖ ታገኚዋለሽ። «ለምን?» ብለሽ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ሒሳቡን አትተዪ። ካልከነከነሽ ግን ሶፍትዌሩ አያስነውርም።

ልደብቅሽ አልፈልግም፤ የምርምር መንገድ ረጅም ነው። ማስተርስ፣ ዶክትሬት፣ ከዚያም አጫጭር ኮንትራቶች፤ ብዙ ጊዜ ከአገር ውጪ። ቤት ውስጥ ደመወዝሽን የሚጠብቅ ሰው ካለ ይህን አሁኑኑ አስቢበት። ጣሊያን ትሪዬስቴ ያለው አይሲቲፒ የሚባለው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተመራቂዎች የአንድ ዓመት የሒሳብ ዲፕሎማ አለው፤ የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ደግሞ የአንድ ዓመት ማስተርስ ይሰጣል። የሁለቱንም ማመልከቻ ከወዲሁ አንብቢ።

እስከዚያው ፓይተን የሚባለውን የኮድ መጻፊያ ቋንቋ ጀምሪ። ያንን ስሌት 100 ዙር አስሂጂና ግራፉን ላኪልኝ። ቤተሰብን እንዴት እንደምታናግሪ ከዚያ እናወራለን።