የብርሃን አንቴና፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ብርሃንን ተቀብለው እጅግ ጠባብ ቦታ ላይ የሚያከማቹ፣ መጠናቸው በናኖሜትር (በሜትር ቢሊዮንኛ) የሚለካ የወርቅና የብር ቅንጣቶች የብርሃን አንቴና ይባላሉ። ስለ እነዚህ ቅንጣቶች ከአዳማና ከአካባቢዋ ከደረሱን ጥያቄዎች የተወሰኑትን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል።

«ለተማሪዎቼ አንቴና ስል የሚያስቡት ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚሰቀለውን ነው። የብርሃን አንቴና በእርግጥ ያው ነገር ነው?» — የፊዚክስ መምህር፣ አዳማ

መሠረቱ አንድ ነው። የሬዲዮ ሞገድም ሆነ ብርሃን ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገዶች ሲሆኑ የሚለያቸው የሞገዳቸው ርዝመት ነው። በ100 ሜጋኸርዝ የሚያሰራጭ የኤፍኤም ጣቢያ የሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ስለሆነ፣ የዚህ ግማሽ የሆነ የ1.5 ሜትር ዘንግ በደንብ ይቀበለዋል። የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ግን 550 ናኖሜትር ገደማ ነው። ተማሪዎችዎ ግማሹን ወስደው «275 ናኖሜትር» ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ ይሁን እንጂ ትክክለኛው ዘንግ ከዚያ በግልጽ ያጠረ ነው። በሬዲዮ ድግግሞሽ በብረቱ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች የሞገዱን ለውጥ ሳይዘገዩ ይከተላሉ፤ ብርሃን ግን በሰከንድ 500 ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ስለሚርገበገብ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ ሞገዱም ወርቁ ውስጥ በአሥር ናኖሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት ዘልቆ ይገባል። ፕላዝሞን የሚባለው የኤሌክትሮኖች የጋራ ንቅናቄም በዚህ ሁኔታ ይፈጠራል፤ ዘንጉ ማጠር ያለበትም ለዚህ ነው።

ለክፍል ውይይት የሚሆን አንድ ምሳሌ ልጨምር። በረድፍ የተደረደሩ ዘንጎች ያሉት የድሮው የቴሌቪዥን አንቴና በጃፓን በ1926 እ.ኤ.አ. የታወቀው የያጊና የኡዳ ሥራ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያንኑ ንድፍ በአምስት የወርቅ ዘንጎች በናኖሜትር መጠን ሠርተው፣ ከአንዱ ዘንግ ጫፍ ላይ ያኖሩት ኳንተም ዶት (ብርሃን የሚያመነጭ እጅግ ደቃቅ ክሪስታል) የሚያመነጨው ብርሃን በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄድ አድርገዋል።

«በማይክሮስኮፓችን የወባ ተውሳክን እናያለን፤ ቫይረስን ግን አናይም። ሌንሱ ቢሻሻል አይቻልም?» — የላቦራቶሪ ባለሙያ

ሌንስን በማሻሻል ብቻ አይቻልም። ኤርንስት አቤ በ1873 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ተራ ማይክሮስኮፕ ነጥሎ የሚያሳየው ትንሹ ርቀት የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ግማሽ ያህል፣ ማለትም 200 ናኖሜትር ገደማ ነው። የወባ ተውሳክ ከዚህ ይበልጣል፣ አብዛኞቹ ቫይረሶች ግን ያንሳሉ። ኤድዋርድ ሲንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ለአልበርት አይንስታይን በጻፈው ደብዳቤ ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣትን ወደሚታየው ነገር እጅግ አስጠግቶ በብርሃን ምንጭነት የመጠቀምን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ በተግባር መታየት የጀመረው ግን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የዛሬዎቹ የብርሃን አንቴናዎች የዚያ ደብዳቤ ወራሾች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

«በጤና ኬላ በሚሠራው ፈጣን የወባ ምርመራ ላይ የሚወጣው ቀይ መስመር ምንድን ነው? ደም ነው?» — የአዳማ ነዋሪ እናት

ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ይህን እጅግ ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ የምርምር ዘርፍ ከሕዝባችን ኑሮ ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት ቦታ ይኸው ነው። መስመሩ ደም አይደለም፤ በአብዛኞቹ መመርመሪያዎች ላይ ወርቅ ነው። መጠናቸው በተለምዶ 40 ናኖሜትር አካባቢ የሆኑ የወርቅ ቅንጣቶች ፀረ እንግዳ አካል ተለጥፎባቸው በመመርመሪያው ውስጥ ደርቀው ይጠብቃሉ። ከጣት የተወሰደው ጠብታ ደምና ማሟሚያው ሲጨመሩ ቅንጣቶቹ ከፈሳሹ ጋር በወረቀቱ ላይ ይጓዛሉ። በደሙ ውስጥ የወባ ተውሳክ ፕሮቲን ካለ፣ በአንድ ወገን ከቅንጣቶቹ ጋር፣ በሌላ ወገን በወረቀቱ ላይ ከተሰመረው ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተያይዞ ያስቀራቸዋል። በዚያ ቦታ ብዙ ቅንጣቶች ሲከማቹ መስመሩ ለዓይን ይታያል።

ወርቁ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ቀይ የሚሆነው፣ በዚህ መጠን ኤሌክትሮኖቹ በ520 ናኖሜትር አካባቢ ካለው አረንጓዴ ብርሃን ጋር አብረው ስለሚርገበገቡና ያንን ብርሃን ስለሚውጡ ነው። አንዱ ቅንጣት ከአንድ የማቅለሚያ ሞለኪውል በብዙ ሺህ እጥፍ የበለጠ ብርሃን ስለሚይዝ ጥቂቱም ቢሆን ይታያል። ስለዚህ በተወሰነው የንባብ ጊዜ ውስጥ የወጣ የፈዘዘ መስመርም ቢሆን፣ የመቆጣጠሪያው መስመር እስካለ ድረስ፣ ወባ እንዳለ ያመለክታልና ችላ ሊባል አይገባም።

«ወርቅ ከሆነ ታዲያ እንዴት ረከሰ?» — እኚሁ ጠያቂ

በአንዱ መመርመሪያ ላይ ያለው ወርቅ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ዋጋውን አያንረውም።

«በናኖ አንቴና የሚሠራ የፀሐይ ፓነል ይመጣል ሲሉ ሰማሁ። ለውኃ ፓምፔ አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?» — የሽንኩርት አምራች፣ ወንጂ

አይጠብቁ። አንቴናው ብርሃኑን መቀበሉ ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ ፍጥነት የሚመላለሰውን ንዝረት ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) ያስፈልጋል፤ አስቸጋሪውም እሱ ነው። በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. በካርቦን ናኖቲዩብ (እጅግ ቀጭን የካርቦን ቱቦ) የተሠራ እንዲህ ያለ መሣሪያ አሳይተዋል፤ ብቃቱ ግን ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሰ ነበር። ገበያ ላይ ያለው የሲሊከን ፓነል 20 በመቶ አካባቢ ይሰጣል። «ናኖ አንቴና ነው» ብሎ ፓነል የሚሸጥልዎ ሰው ቢመጣ አይግዙት።

«የአፕላይድ ፊዚክስ ተማሪ ነኝ። በአገራችን ውድ መሣሪያ ስለሌለ ይህን ዘርፍ መተው አለብኝ?» — የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አዳማ

በጭራሽ አይተዉት። ዘንጎቹን በኤሌክትሮን ጨረር መቅረጽ በእርግጥ ውድ ነው፤ ግን ዘርፉ ያ ብቻ አይደለም። ጉስታቭ ሚ በ1908 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር ሉላዊ ቅንጣት ብርሃንን እንዴት እንደሚበትንና እንደሚውጥ ያሰላል፤ በተራ ላፕቶፕም ይሠራል። ውስብስብ ቅርጾችን ለማስላት ደግሞ ሚፕ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። በቤተ ሙከራ በኩል፣ የወርቅ ቅንጣቶችን በፈሳሽ ውስጥ ለመሥራት የሚያገለግለው የተርኬቪች ዘዴ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በሚፈላ የወርቅ ክሎራይድ መፍትሔ ውስጥ ሶዲየም ሲትሬት ሲጨመር ፈዛዛው ቢጫ መጀመሪያ ቀለሙን ያጣል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ደማቅ ቀይ ይሆናል። የዕቃዎቹ ንጽሕና ወሳኝ ነውና በአማካሪዎ ፊት ይሥሩት። ከዚያም በስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሹ የትኛውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ በሚለካው መሣሪያ) የለኩትን የመምጠጥ ጫፍ፣ ማለትም ብርሃን ከሁሉ በላይ የሚዋጥበትን የሞገድ ርዝመት፣ በሚ ቀመር ካሰሉት ጋር ያነጻጽሩ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ወይም መጠናቸው ተዘበራርቆ ሊሆን ስለሚችል፣ የመመረቂያ ጽሑፍዎን ጥያቄ ከዚያ ይጀምሩ።