ለላቫጆ የጣሪያ ቡም ሲመርጡ መለካትና መጠየቅ ያለበት

እህታችን በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ደንበኛው ራሱ የሚያጥብበት ባለአራት ክፍል ላቫጆ ሊረከቡ መሆኑን ገልጸው፣ የዛጉትን የቱቦ ቡሞች (ቱቦውን ከላይ አንጠልጥለው የሚዞሩትን ክንዶች) ሲቀይሩ ከግድግዳ የሚታሰረው ይሻል እንደሆነ ወይስ ከጣሪያ መሃል የሚሰቀለው፣ ለከፍተኛ ግፊቱ ውሃና ለአረፋው ብሩሽስ ጥንዱን ቡም ይግዙ ወይስ ሁለቱን ለየብቻ ያስተክሉ ብለው ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ ሥራ ስለምተዳደር፣ በእጄ የሞከርኩትን ልጻፍልዎ።

ክፍሉ 15 ጫማ ገደማ ስፋት ካለውና ጣሪያው ሸክም የሚችል ከሆነ፣ ሳያመነቱ ከመሃል የሚሰቀለውንና 360 ዲግሪ የሚዞረውን ይምረጡ። የግድግዳው ቡም የሚዞረው 180 ዲግሪ ብቻ በመሆኑ፣ ደንበኛው ወደ ማዶ ሲሻገር ቱቦው በመኪናው ጣሪያና ኮፈን ላይ ይጎተታል፤ የተጣበቀበት አሸዋም ቀለሙን ይፍቃል። የግድግዳውን የምመክረው ጣሪያው ሲደክም ወይም ከፍ ያሉ መኪኖች የሚገቡበት ክፍል ሲሆን ብቻ ነው።

ርዝመቱን ሲወስኑ ከሻጩ ካታሎግ ሳይሆን ከክፍልዎ ይነሱ። የስፋቱ ግማሽ ሰባት ጫማ ተኩል ስለሆነ፣ ባለ 6 ጫማ ክንድ ግድግዳ ሳይነካ ይዞራል። ረጅም ፒክአፕ የሚያጥብ ሰው ከኋላ ሲቆም ከክፍሉ መሃል 13 ጫማ ያህል ስለሚርቅ፣ ክንዱ ስድስቱን ሸፍኖ 7 ጫማ አግድም ይቀራል። የክንዱ ጫፍ 10 ጫማ፣ የሰውየው እጅ ደግሞ 3 ጫማ ከፍታ ላይ ቢሆኑ ቁልቁሉም 7 ጫማ ነው፤ ስለዚህ ቱቦው ተወጥሮ 10 ጫማ ገደማ ይፈልጋል። መላወሻ ጨምረው 12 ያድርጉት። ከዚያ ሲያልፍ ትርፉ ወለል ላይ ተጋድሞ በጎማ ይረገጣል።

ገንዘብዎን ከሁሉ በላይ ማዋል ያለብዎት ግን በመዞሪያው ላይ ነው። ገዢዎች የክንዱን ማንጸባረቅ ያያሉ፤ ቡሙን የሚገድለው ግን ውሃውን ከቋሚው መስመር ወደሚዞረው ክንድ የሚያሻግረው ስዊቭል ነው። የክንዱ ክብደት የሚያርፈው በራሱ ኩሽኔታ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ስዊቭሉ ውሃ ከማሳለፍ አልፎ ሸክም ከተሸከመ ኦሪንጉ (ውሃው እንዳያፈስ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ወደ አንድ ጎን ይበላና ጠብታው የታጠበው መኪና ላይ ይወርዳል። የእጥበት ፓምፖች ብዙውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 1,200 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ) ስለሚሠሩና ደንበኛው ማስፈንጠሪያውን በለቀቀ ቁጥር ግፊቱ ለቅጽበት ስለሚዘል፣ ስዊቭሉ ቢያንስ 2,000 የሚችል ይሁን። ሻጩን ኦሪንጎቹ ቡሙ ከጣሪያ ሳይወርድ ይቀየሩ እንደሆነና መለዋወጫው ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቁት፤ መልሱ ከተድበሰበሰ ይተዉት። ከተሰቀለ በኋላም ቱቦውን በሁለት ጣት ብቻ ይዘው መኪናውን ይዙሩ፤ ክንዱ ሳይንገጫገጭ ሊከተልዎ ይገባል።

ጥንዱን በተመለከተ፣ ሁለት ቡሞች ለየብቻ ተተክለው የሚዞሩበት ክብ ከተደራረበ ቱቦዎቹ መጠላለፋቸው አይቀርም፤ ስለዚህ በአንድ መሃል ላይ የተደራረበውን እመርጣለሁ። የላይኛው ክንድ ከታችኛው ይርዘም። ካጠረ ቱቦው በታችኛው ክንድ መንገድ ላይ ይንጠለጠልና ሁለቱ ይጋጫሉ።

ማሰሪያውን ለልምድ የለሽ ሠራተኛ አይስጡ። በባለ 6 ጫማ ክንድ ጫፍ ላይ 50 ፓውንድ ቢጎተት፣ መሃሉ ላይ 300 ፉት ፓውንድ የመገንጠል ጉልበት ያርፋል፤ ልጆች ቱቦው ላይ መንጠልጠላቸውም የተለመደ ነው። ጣሪያው የእንጨት ከሆነ በወራጆቹ መካከል ማጠናከሪያ ገብቶ፣ ከላይ የብረት ሳህን ተደርጎ፣ ቡሎኑ ዘልቆ በዳዶ ይታሰር።

ስለ ብረቱ አንድ ነገር ልጨምር። ኮሎራዶ ውስጥ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ የተባለ ጨው መኪናው ተሸክሞት ወደ ክፍሉ ስለሚገባ፣ ቀለም የተቀባ ተራ ብረት በተጫረበት ቦታ ሁሉ ይዝጋል። 304 የተባለው ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ለአብዛኛው ይበቃል፤ 316ቱ ሞሊብዲነም የሚባል ብረት ስላለበት ክሎራይድን ይበልጥ ይቋቋማል። ውሃ ወደ በረዶ ሲቀየር 9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋም፣ በክረምት መስመሩ በረዶ እንዳይሠራ በቱቦው እንዲንጠባጠብ የሚለቀቀው ውሃ በውሃው ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን በብሩሹ መስመርም ማለፉን ከመጀመሪያው ውርጭ በፊት ጫፍ ጫፉን አይተው ያረጋግጡ።