መልስ፦ ሴሎች መንገዳቸውን በምን ያውቃሉ?
በፍራፍሬ ዝንብ ሽል ውስጥ ሴሎች ወዴት እንደሚሄዱ በምን እንደሚያውቁ ጠይቀዋል። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ የአየር ቱቦዎቹ አሠራር ነው። በሽሉ በእያንዳንዱ ጎን ቱቦዎቹ የሚሠሩባቸው 10 የሴል ስብስቦች አሉ፤ እያንዳንዱም 80 ያህል ሴሎች ይይዛል። በአካባቢያቸው ያሉ ሌሎች ሴሎች ብራንችለስ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ የቱቦው ሴሎች ደግሞ ብሬዝለስ በተባለ፣ በላያቸው ባለ ተቀባይ ፕሮቲን ይለዩታል። ምልክቱ በርትቶ የደረሳቸው ቀጫጭን ጣት መሰል ዘንጎች እየዘረጉ ወደ ምንጩ ያመራሉ፤ የቀሩት ተያይዘው ይከተላሉ።

መሪው ይህ ፕሮቲን መሆኑን ያሳመነኝ ሙከራው ነው። ዘረመሉ ሲጠፋ ቅርንጫፍ አይወጣም፤ ስሙም «ቅርንጫፍ አልባ» ማለት ነው። ባልተለመደ ቦታ እንዲመነጭ ሲደረግ ግን ሴሎቹ አቅጣጫ ቀይረው ወደዚያው ይሄዳሉ!