ጠይቁን፦ ጠመንጃዬ ተራራ ላይ ከበደኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ባለፈው ጥቅምት ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ኤልክ የሚሉትን ትልቁን አጋዘን ለማደን ወጣሁ። ጠመንጃዬ ያገለገለ ሬሚንግተን 700 ነው፣ ጥይቱ 308 ዊንቸስተር። ከመኪናው ስንነሳ ምንም አልመሰለኝም። ከሰዓት በኋላ ግን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሳቀያይረው፣ ሲያቅተኝም እንደ ሕፃን ታቅፌው ስሄድ፣ በሁለተኛው ቀን ጭራሽ እጄ ዛለ። አሁን ዕቃው በየሱቁ ስላለ ቀላል ጠመንጃ ራሴ ልገጣጥም አስቤያለሁ። የካርቦን ሰደፍ፣ ካርቦን የተጠቀለለበት በርሜል፣ የቲታንየም አካል (መቀርቀሪያው የሚገባበት ክፍል) ስደምር ሒሳቡ አስደነገጠኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካርድህን ከማውጣትህ በፊት ሚዛን አውጣ። የወጥ ቤቷ ትንሿ ሚዛን ትበቃለች። እኛ ቤት በርበሬና ጤፍ የምንመዝንባት አለች፣ እኔም የተማርኩት በእሷ ነው። መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጥ፣ መቀርቀሪያውን አውጣው፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጥ። ከዚያ የሚፈታውን ሁሉ ፈትተህ አንድ በአንድ መዝነህ ወረቀት ላይ ጻፍ።

የእኔ ወረቀት እንዲህ ይል ነበር። ራቁቱን ጠመንጃ 3,400 ግራም። ትልቁ የርቀት መነጽር 850። መነጽሩ የሚታሰርበት ብረት 200። ከፊት የሚንጠለጠለው ባለሁለት እግር መቆሚያ 400። ማንገቻ 150። አራት ጥይት 100። ድምሩ 5 ኪሎ ከ100! ሰው ሲጠይቀኝ «ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ» ነበር የምለው። ሱቅ ውስጥ የተጻፈው የራቁቱ ክብደት ስለሆነ ሁላችንም በዚያ እንሸወዳለን። ተራራ የሚወጣው ግን ከነሙሉ ልብሱ ነው።

እና መጀመሪያ የነካሁት ጠመንጃውን አይደለም። መቆሚያውን ፈታሁት፣ 400 ግራም ሄደ። ጫካ ውስጥ ቦርሳህን መሬት ላይ አስተኝተህ እሱ ላይ ብታስደግፍ እንዲያውም ይሻላል፣ ምክንያቱም የመቆሚያው እግር አጭር ስለሆነ ሣሩና ቁጥቋጦው እይታህን ይጋርደዋል። ቀጥሎ መነጽሩ። 850 ግራም የሚመዝነው ለአንድ ኪሎ ሜትር ኢላማ ተኩስ የተሠራ ነው። አንተ ግን ኤልክን ከ300 ሜትር በላይ ርቀት ላይ መምታት የለብህም፣ እኔ በበኩሌ ከ250 አላልፍም። ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ መነጽር 350 ግራም አካባቢ ነው። 500 ግራም ሄደ። ማሰሪያውን ወደ ቀላል አሉሚኒየም ስቀይር 100፣ ማንገቻውን ወደ ቀጭን ናይለን ስቀይር 80 ግራም ቀነሰ። ደምረው። አንዲት የካርቦን ዕቃ ሳልገዛ 1,080 ግራም ወርዶልኛል። ትልቁን መነጽር ሸጬ ስለነበር ትርፍ ገንዘብም ኪሴ ገባ።

አሁን ወደ ሰደፉ እንምጣ። ገንዘብህን የምታወጣበት ቦታ አለ ከተባለ እዚህ ነው። ሬሚንግተን 700 ከ1962 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ ሞዴል ነው። ብዙ ሌሎች ፋብሪካዎችም አካላቸውን በእሱ ልክ ስለሚሠሩ፣ ልኩ የሁሉም የጋራ ልክ ሆኗል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰደፍ፣ ምላጭ፣ የታችኛው ሽፋን፣ የጥይት ካርታ እንደ ልብ ይገኛል። አጭሩ አካል ነው ወይስ ረጅሙ የሚለውን ብቻ እወቅ። ያንተ 308 ስለሆነ አጭሩ ነው። የፋብሪካው ፕላስቲክ ሰደፍ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፣ ጥሩ የካርቦን ፋይበር ሰደፍ ከ600 እስከ 700 ግራም ነው። የእኔ 370 ግራም ቀነሰልኝ፣ ጠቅላላው 3,650 ላይ ቆመ።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ሜልቪን ፎርብስ የሚባል የዌስት ቨርጂኒያ ጠመንጃ ሠሪ በ1980ዎቹ ኬቭላርና ግራፋይት ከሚባሉ ጠንካራ ክሮች ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ሰደፍ ሠርቶ ነበር። ሌሎች ብረቱን እየበሱና እየፋቁ ክብደት ሲያሳድዱ እሱ ሰደፉ ላይ አተኮረ። ሰደፉ ቀላል ብቻ ሳይሆን ድርቅ ያለ፣ የማይታጠፍ መሆን አለበት አለ፣ ትክክልም ነበር። ርካሹን ፕላስቲክ ሰደፍ ጫፉን ይዘህ ጨመቅ ብታደርገው በርሜሉን ሲነካ በዓይንህ ታያለህ። በርሜሉ በነካው ቁጥር አረሩ ሌላ ቦታ ያርፋል።

ስትገጥመው የሰደፉን ሁለት ዋና ብሎኖች በግምት አትጥበቅ። የጉልበቱን መጠን የሚያሳይ ቁልፍ ግዛ፣ ሰደፉን የሠራው ድርጅት የጻፈውን ቁጥር ተከተል። የመነጽሩ ማሰሪያ ብሎኖች ደግሞ በጣም ትንሽ ጉልበት ነው የሚፈልጉት፣ ጨክነህ ካጠበቅህ የመነጽሩን ቱቦ ትጨፈልቀዋለህ። እኔ ጨፍልቄ አውቃለሁ።

በርሜሉን ተወው። «ላሳጥረው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ቀጭን የአደን በርሜል ጫፉ ላይ አንድ ኢንች ቢቆረጥ የሚወርደው 35 ግራም ገደማ ነው። ሁለት ኢንች ቆርጠህ 70 ግራም፣ የአንድ ዕንቁላል ያህል! ለዚያ ብለህ የአረሩን ፍጥነት ትቀንሳለህ፣ ድምፁንም ጆሮ የሚያደነቁር ታደርገዋለህ። በርሜሉን በሌላ መለወጥ ከፈለግህ ደግሞ ሥራው የባለሙያ ነው። ቀለሁ የሚቀመጥበት ቦታ ልኩን ከሳተ ፊትህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ጋራዥህ ውስጥ፣ ቪዲዮ እያየህ የምትሞክረው አይደለም።

አሁን ማንም ሻጭ የማይነግርህን ልንገርህ። የጠመንጃው ክብደት ሲቀንስ ሲተኮስ ወደ ትከሻህ የሚመልሰው ግፊት ይጨምራል። አረሩ ወደ ፊት የሚሄድበት ኃይል አልተቀየረም፣ የሚመልሰው ብረት ግን ቀለለ። ከ5.1 ኪሎ ወደ 3.65 ሲወርድ ትከሻህ የሚቀበለው ጉልበት በሒሳብ ወደ 40 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ከዚያ በታች አትውረድ። ቲታንየሙን እርሳው።

ጠመንጃዬን ካቀለልኩ በኋላ የተኮስኩበትን የመጀመሪያ ቀን አልረሳውም። ተኩስ ሜዳው ላይ ሦስቱ ጥይቶች አንድ ሳንቲም ላይ ያረፉ ያህል ተጠጋግተው ነበር። ደስ አለኝ። አራተኛው ወደ ላይ ወጣ፣ አምስተኛው ይብስ። ቀጭን በርሜል ቶሎ ይግላል፣ ሲግል ይስታል፣ አሥር ደቂቃ ያህል ማረፍ አለበት። እኔ ግን መነጽሩ የተበላሸ መስሎኝ እሱን ሳሽከረክር ግማሽ ካርቶን ጥይት ጨረስኩ። ይባስ ብሎ በአሥረኛው ላይ ሳላውቀው ምላጩን ስስብ ዓይኔን መጨፈን ጀምሬያለሁ። ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ ትከሻዬ በልዞ ባለቤቴ ጮኸች። በዚያ ዓመት ከ150 ሜትር ላይ አንዲት ኤልክ ሳትኩ። ጨርሼ መሳቴ ደግነቱ፣ ሆዷን መትቼ ብለቃትስ ኖሮ? አሁንም ሳስበው ያመኛል። እንስሳው በአንድ ጥይት፣ ሳይሠቃይ መውደቅ አለበት። የእኛ ድካም ለዚያ ሰበብ አይሆንም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ባለ180 ግሬኑን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) አረር ትተህ ወደ ጥሩ ባለ150 ውረድ፣ ግፊቱ በደንብ ይቀንሳል፣ ለኤልክም ይበቃል። የኮሎራዶ ደንብ ለኤልክ የሚጠይቀው ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 85 ግሬን ነው፣ ያንተ ከዚያ በብዙ ይርቃል። ሰደፉ ጫፍ ላይ ወፍራም የጎማ መከዳ ይኑር። ሜዳ ስትሄድ ድርብ የጆሮ መከላከያ አድርግ፣ በአንድ ቀን ከ15 ጥይት በላይ አትተኩስ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤልኩ ከወደቀ በኋላ አጥንቱ ወጥቶ እንኳ ሥጋው ከአንተ ክብደት ሊበልጥ ይችላል፣ እሱንም በጀርባህ ነው የምታወጣው። እና ከአሁኑ ጀምረህ ቅዳሜ ቅዳሜ 15 ኪሎ ቦርሳ አዝለህ ዳገት ውጣ። ደግሞ ሥጋውን ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሳይገባ ከበላችሁት በላችሁት፣ ካልሆነ ለገና ፍሪዘር ውስጥ ቦታ አዘጋጅ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጠመንጃ ሊገጣጥም ብሎ በየሳምንቱ ካርቶን ይመጣል። የስድስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች አሉን። በፖስታ የሚመጣ መሣሪያ ሕጋዊ ነው ወይ? ጭንቀቴን ተረዱልኝ። ከዴንቨር

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ልክ ነው። ሰደፍ፣ መነጽር፣ ምላጭ፣ ብሎን፣ እነዚህ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ዕቃ ናቸው እንጂ ጠመንጃ አይባሉም፣ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ጠመንጃ የሚባለው አንዱ ክፍል ነው። መቀርቀሪያው የሚገባበት፣ ቁጥር የተቀረጸበት የብረት አካል፣ ሪሲቨር የሚሉት። እሱን ሰው ከሱቅ ሲገዛ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ዘንድ ሄዶ፣ ቅጽ 4473 ሞልቶ፣ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያውን አልፎ ነው የሚወስደው። ኮሎራዶ ውስጥ ከጥቅምት 2023 ወዲህ ሦስት ቀን መጠበቅም ግዴታ ነው። ቁጥር የሌለው አካል ደግሞ ኮሎራዶ ውስጥ ክልክል ነው። ስለዚህ ካርቶኑን ከፍተሽ «የብረት አካሉ ቁጥር የቱ ጋ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ደረሰኙንም አብራችሁ አስቀምጡ።

ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ ልጆቹ ናቸው። ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ጠመንጃ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ መጫወቻ ይመስላል። ኮሎራዶ ውስጥ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቤት መሣሪያን መቆለፍ የሕግ ግዴታ ነው። የብረት ሣጥን ይግዛ፣ ከዕቃዎቹ ሁሉ በፊት እሱን ይግዛ። ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ። ቁልፉ የት እንዳለ ልጆቹ አይወቁ፣ «አያውቁም» ብላችሁም አትተማመኑ፣ ልጆች ሁሉን ያውቃሉ። እና ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯቸው። መሣሪያ ካያችሁ አትንኩ፣ ከክፍሉ ውጡ፣ ትልቅ ሰው ጥሩ። ጎረቤት ቤት ሲሄዱም ይሠራል።

ጥያቄ፦ በተማሪ ቪዛ ነው ያለሁት። ጓደኞቼ አደን እንሂድ ይሉኛል። መሣሪያ መያዝ እችላለሁ?

መልስ፦ በጣም ተጠንቀቅ። በፌዴራል ሕግ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይችልም። ከጥቂቶቹ ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ከአንድ ክፍለ ግዛት የተሰጠና ጊዜው ያላለፈ የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ፈቃዱን ሳትይዝ የጓደኛህን ጠመንጃ ለፎቶ ብለህ እንኳ አትንካ። ይህ መቀጮ ከፍለህ የምትገላገለው ነገር አይደለም፣ ወንጀል ነው፣ መኖሪያህንም ያሳጣሃል። ኮሎራዶ ፈቃዱን ለመስጠት ከጥር 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኝነት ትምህርት እንዲጨርስ ይጠይቃል፣ ከእሱ ጀምር። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይህ ክልከላ አይመለከተውም። ጉዳይህ ከተወሳሰበ፣ ጥገኝነት ጠይቀህ እየጠበቅህ ከሆነ ለምሳሌ፣ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር።

ጥያቄ፦ አጎቴ ጎጃም ውስጥ ማሳቸውን ከዝንጀሮ የሚጠብቁት ባሮጌ ምንሽር ነው፣ እሱም ከብዷቸዋል። ሰደፉንና ሌላውን ዕቃ ከዚህ ልውሰድላቸው?

መልስ፦ አይሆንም። ኢትዮጵያ ውስጥ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትንም፣ መያዝንም፣ መሥራትንም ይከለክላል። ከአሜሪካ የመሣሪያ ዕቃ ማውጣትም የራሱ የኤክስፖርት ፈቃድ አለው። ሻንጣህ ውስጥ ቢገኝ ቦሌ ላይ የሚደርስብህን መከራ አስበው። ያ ሰደፍ ደግሞ ለምንሽር አይገጥምም፣ የተሠራው ለሌላ አካል ነው። አጎትህ የሚከብዳቸው ማንገቻው ይሆናል። ያረጀ ጠፍር ትከሻ ይቆርጣል። እዚያው ገበያ ላይ ሰፊ፣ ለስላሳ ቆዳ አስለክተው ያሰፉ።