መልስ፦ ለሁለት ሰው የሚሆን ቀላል ማደሪያ ተጎታች

ጤና ይስጥልኝ። ለእርስዎና ለባለቤትዎ በመካከለኛ መኪና የሚጎተት ትንሽ ማደሪያ ተጎታች ሲመርጡ ከክብደትና ከአልጋ የቱን ማስቀደም እንዳለብዎ ጠይቀዋል። እኔ ክብደቱን አስቀድማለሁ፤ ነገር ግን ሻጮች በጉልህ የሚጽፉት የባዶውን ክብደት ስለሆነ በእሱ ብቻ አይወስኑ። ውሃ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ባትሪና ጓዝ ሲጨመሩበት ልዩነቱ ቀላል አይሆንም፤ 80 ሊትር የሚይዝ የውሃ ታንከር ሲሞላ ውሃው ብቻውን 80 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ አምራቹ በተጎታቹ ላይ በለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ የሰፈረውን ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት (ከነጭነቱ) መኪናዎ እንዲጎትት ከተፈቀደለት ጋር ያነጻጽሩ፤ ተጎታቹ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት መጎተቻ ላይ የሚያርፈው ጫናም መኪናው ውስጥ ካለው ሰውና ዕቃ ጋር ተደምሮ እንደሚቆጠር አይዘንጉ። ዕቃው ወደ ኋላ ካደላ ተጎታቹ በፍጥነት ሲነዳ ግራና ቀኝ ሊወዛወዝ ይችላል።

ተጎታቹን ከመግዛትዎ በፊት አልጋውን ሁለታችሁም ተኝታችሁ ሞክሩት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በአግድም የተዘረጋ ከሆነ፣ ከውስጥ የሚተኛው ሌሊት ለመነሳት ሌላውን መሻገር ግድ ይሆንበታል (ይህ በትዳር ውስጥ ትንሽ ነገር አይደለም)። ጠረጴዛው እየታጠፈ አልጋ የሚሆንበትን ዓይነት ግን በየማታው መዘርጋቱ ስለሚያሰለች አልመክርም።

ተጎታቹ ያገለገለ ከሆነ የመስኮቶቹን ዙሪያና የጣሪያውን ማዕዘኖች በጣትዎ ይጫኑ፤ የሚሰረጉድ ቦታ ካገኙ ውሃ ገብቶበታልና ይተዉት።