ለውጭ ጉዞ ፈቃድ ለጠየቅሽው እህቴ

«ጀርመን ስብሰባ ተጋብዣለሁ፣ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፣ የመሥሪያ ቤቴን ፈቃድ እንዴት ልጨርስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ዳይሬክተር ሆኜ ለብራስልስ ስብሰባ ስሯሯጥ ከርሜ ሳልሄድ የቀረሁ ሰው ነኝ። አንቺ እንዳትቀሪ ልንገርሽ።

1. ቀኑን ከስብሰባው ወደ ኋላ ቁጠሪ። ከዚያ በፊት፣ በ2015 አውሮፓ ስሄድ፣ ቪዛው በ15 ቀን ደርሶልኝ ነበር። ያንኑ አስቤ ተዘናጋሁ። የአውሮፓ ኅብረት ግን ሚያዝያ 2016 ላይ ለኢትዮጵያውያን መደበኛውን የቪዛ መጠበቂያ ጊዜ 45 ቀን አድርጎታል። ሰርቪስ ፓስፖርት (ለመንግሥት ሥራ የሚሰጠውን) የያዘም የቪዛ ክፍያ ይከፍላል። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው እህቴ! ፈቃዱን እየጠበቅሽ ኢንሹራንሱንና ፎርሙን ጨርሺ። አዘጋጆቹም ኤምባሲያቸውን እንዲያናግሩልሽ ዛሬውኑ ጻፊላቸው።

2. የመሥሪያ ቤትሽ የፈቃድ ደብዳቤ ላይ ወጪው ተለይቶ ይጻፍ። የእኔ «ወጪው በጋባዡ ይሸፈናል» ይል ነበር። ግብዣው ላይ ያለው ትኬትና ሆቴል ብቻ ነው። ፋይናንስ «ውሎ አበሉን ማን ይከፍላል?» ብሎ መለሰው። እንደገና ተጽፎ፣ እንደገና ለፊርማ ወጣ። አንድ ሳምንት ሄደ።

3. መዝገብ ቤት። እዚህ ላይ አሁንም ያንገበግበኛል። አርብ ከሰዓት ደብዳቤው ተፈርሞ ወረደ። ፊርማው አለ፣ ቲተሩ (የፈራሚው የስም ማህተም) የለም። ቲተሩ የተቆለፈበት መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቁልፉን የያዘችው ሴትዮ ወጥታለች። ለምኜ ቆምኩ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሰኞ ና» አለኝ። ሰኞ ስመለስ የወጪ ደብዳቤ ቁጥር አልተሰጠውም። ከሌሎች ወረቀቶች ሥር ሆኖ ጠርዙ ላይ ስሜ ይታየኛል። የሃያ ዓመት ሠራተኛ ነኝ፣ እንደ ባዳ በር ላይ አቆሙኝ። ውጭ ጉዳይ ኖት ቨርባሉን (ለኤምባሲ የሚጻፈውን ይፋዊ ደብዳቤ) ጽፎልኝ ኤምባሲ ስገባ ስብሰባው 19 ቀን ቀርቶት ነበር። ቪዛው የመጣው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ነው። ጽሑፌን ሌላ ሰው አነበበልኝ።

ከዚያ ወዲህ ክፍሌ ውስጥ ለሚጋበዝ ሁሉ ፋይሉን እኔ ነኝ የማዘጋጀው። ሁለት ልጆች በሰላም ሄደው ተመልሰዋል። ደብዳቤያቸውን ከፊርማ እስከ ማህተም ራሴ ተከትዬ ነው ያስወጣሁት። በእንግሊዝኛው ቅጂ ላይ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም አያለሁ፤ የአንዷን ግንቦት 12 ብለው ሊልኩት ሲሉ ደርሼ ሜይ 20 አስብያለሁ።

አሁን ግብዣሽን አውጥተሽ እዪው። ውሎ አበልሽን ማን እንደሚችል ይላል? ካላለ ፋይናንስ ሳይመልሰው ዛሬ አስተካክዪው። ረቂቁን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ማታ አየዋለሁ።